ከጭቃ የሠራሁት ፊቷ

አርባ ምንጭ መምህርነት ስማር፣ የሥነ ጥበብ መግቢያ የሚያስተምረን ሰው በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፈም።

«ለዓይን ተብሎ የተሠራ ሁሉ የእኛ ትምህርት ነው» አለን። «ሥዕል ብቻ አትበሉ። የሸማው ጥለት፣ የባጃጁ ላይ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፉ፣ ከእንጨት የተጠረበው በርጩማ፣ ማሰሮውም ጭምር።»

ማሰሮ ሲል አንገቴን ደፋሁ። እናቴ ገረሴ ውስጥ ሸክላ ሠሪ ናት። እኛ ዘንድ ሰው በሠራሽው ድስት ይበላል፤ ካንቺ ጋር ግን አይበላም። ከተማ ስመጣ እናቴ ቅቤ ነጋዴ እንደሆነች ነበር ያወራሁት። እውነቱን የነገርኩት ከእኔ በላይ ባለው አልጋ ለምትተኛው ጓደኛዬ ብቻ ነው። እጄን ይዛ «ከእኔ አያልፍም» አለችኝ። አመንኳት።

ቤተሰቦቿ ከከተማው ወጣ ብሎ ጫኖ በሚባል መንደር ሙዝና ማንጎ ያለማሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዛኝ ትሄድና እናቷ ከበቆሎ ዱቄት ድቡልቡል ተደርጎ የሚቀቀለውን ቁርቁፋ በሀለኮ ቅጠል ሠርተው ሁለታችንን ከአንድ ሳህን ያበሉን ነበር። «ሁለተኛዋ ልጄ» ይሉኛል።

ትምህርቱን በንድፍ ጀመርን። በከሰል የሣልኩት ዛፍ ዣንጥላ መሰለ። በቀለም ቅብ ዓባያ ሐይቅን ቡናማ ሳደርገው ክፍሉ ሳቀብኝ፤ መምህሩ ብቻ «ወጥታችሁ እዩት» አላቸው። ቅርፃ ቅርፅ ላይ ስንደርስ ግን እጄ ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር። የጓደኛዬን ፊት፣ ወደ ግራ ዘንበል የሚለውን አገጯን ሳይቀር፣ በጭቃ አወጣሁት።

መምህሩ ዞሮ ዞሮ አየውና «ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«ማንም» አልኩ።

ሥራዎቻችን ለወላጆች በታዩበት ቀን የጓደኛዬ እናት መጡ። «ቁርጥ ልጄን!» ብለው አቀፉኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው በጋሞኛ፣ «ይቺ ይህን ከየት ተማረችው?» አሏት።

«ከእናቷ ነዋ። ሸክላ ሠሪ ናት» አለች። ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ «እንሂድ» ስትለኝ ሄድኩ። ምናልባት እናቷ ምንም አይመስላቸው ይሆናል ብዬ። ምግቡ ሲቀርብ ለእሷ የተለመደው ሳህን መጣላት፤ ለእኔ ጠርዙ የተሸረፈ የፕላስቲክ ሳህን ለብቻው።

«ለብቻሽ እንድትጠግቢ ብዬ ነው» አሉኝ፣ በሩን እያዩ። ጓደኛዬ አቀርቅራ መብላት ጀመረች።

ስንመለስ መንገድ ዳር መኪና እየጠበቅን ጠየቅኳት፤

«ለምን ነገርሻቸው?»

«ጠየቁኝ። እናቴን ልዋሻት?»

«ዝም ማለት አቃተሽ?»

«አንቺ እኮ ነሽ የሠራሽው። ባትሠሪው ኖሮ ማን ይጠይቀኝ ነበር?»

እናቷን አልተቀየምኩም፤ እንደ እሳቸው ያለ ሰው መሃል ነው ያደግሁት። ያቃጠለኝ የእሷ ነው። የሠራሁት እሷን ስለምወዳት ነበር፤ እሷ ግን ጥፋት አድርጋ መለሰችልኝ።

በሳምንቱ የመኝታ ክፍል ቀየርኩ። ለእናቴ ደውዬ በጭቃ ፊት መሥራቴን ነገርኳት።

«ሲደርቅ ተሰነጠቀ?» አለችኝ።

«አልተሰነጠቀም።»

«እንግዲያው በደንብ አሽተሽዋል» አለች፣ ደስ ብሏት።

ዛሬ ሁለታችንም እናስተምራለን፤ እኔ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ እሷ ምዕራብ ዓባያ። ሥልጠና ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ስለ ልጆቿም ታወራኛለች። ምሳ ሲደርስ «ነይ አብረን እንብላ» ትለኛለች። እኔ ሥራ አለብኝ ብዬ እወጣለሁ።