የባንኮኒው ሽሪምፖች

ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ ሆቴል የጽዳት ሥራ የጀመርኩት ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው። በዚያ ዕድሜዬ ለምን ሥራ እንደፈለግሁ ያኔም ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁንም አልናገርም።

በመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ ሐጂ የእንግዳ መቀበያው ባንኮኒ ላይ የተቀመጡ ሁለት የመስታወት ገንዳዎች አሳዩኝ። የአንዱ ውሃ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን አይሞላም። ውስጡ ከጥፍሬ የማይበልጡ ቀያይ ሽሪምፖች ይርመሰመሳሉ።

«ልጄ ነው ከዱባይ ያመጣቸው። አደራ፣ እንዳይሞቱብኝ» አሉ።

ልጃቸው ሥራውን በስልክ አስረዳኝ። ክሎሪኑ እንዲወጣ የቦቴውን ውሃ በባልዲ አሳድራለሁ። ከዚያ በግሉኮስ ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረግሁ እጨምራለሁ፤ ውሃ በድንገት ከተለወጠባቸው ይሞታሉ። መስታወቱ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልፍቅም፤ ቀኑን ሙሉ የሚግጡት እሱን ነው። ምግብ አልፎ አልፎ፣ ያውም የሰሊጥ ፍሬ ታህል ብቻ።

አንድ ቀን አንዷ ቅርፊቷን ስትጥል አየሁ። ጀርባዋ ተሰነጠቀና ተስፈንጥራ ወጣች። የቀረው ቅርፊት እስከ ጢሟ ሙሉ ነበር፤ የዓይኗ ሽፋን ሳይቀር። መወልወያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

የእንግዳ መቀበያው ኃላፊ ዘህራ ግን ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ሚስኪኖች፣ ዛሬም ምንም አልቀመሱም» ትል ነበር። እንግዳው ብስኩት ይቆርስላቸዋል። ከቀብሪበያ የሚመጡ የከብት ነጋዴዎች ሐልዋ ይጥሉላቸዋል። ከለከልኩ።

«እትዬ አስካለ፣ ሁዳዴውን ራስሽ ጹሚ። እነሱ ምን በደሉሽ?» አለችኝ። አዳራሹ ሳቀ። የሳቁትን ሁሉ አውቃቸዋለሁ።

በዚያው ሰሞን አንዷ ሽሪምፕ ሆዷ ሥር እንቁላል አቀፈች። ዘህራ ደግሞ አስካለ እያስራበቻቸው ነው ብላ ለሐጂ ነገረች።

«ቤቴ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አይራብም። ከነገ ጀምሮ ዘህራ ትመግባቸው» አሉኝ።

«እንቁላል ያቀፈችው ያለችበትን ገንዳ ብቻ ይተዉልኝ። እዚያ ያሉት ካለቁብኝ ያሰናብቱኝ» አልኩ። ተስማሙ። ገንዳዬን ወደ ልብስ መተኮሻው ክፍል ወስጄ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩት።

የዘህራ ገንዳ ሳምንት ሳይሞላው እንደ እጣቢ ነጣ፤ ሸተተ። ሽሪምፖቹ አየር ፍለጋ ወደ ላይ ወጡ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወደቁ።

«ዓይን በላቸው» አለች ዘህራ፣ እኔን እያየች።

እናቲቱ እንቁላሎቿን በእግሮቿ ስታራግብ ትውላለች። አንድ ጠዋት ሆዷ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አለቀልኝ ብዬ የስልኬን መብራት መስታወቱ ላይ ወዳለው አረንጓዴ አስጠጋሁ። እንደ ክር የቀጠኑ፣ ውስጣቸው የሚታይ ልጆች ተጣብቀውበታል። እግራቸውም ጢማቸውም እንደ እናታቸው ነው፤ የጎደለ የለም። ከተወለዱ ገና ቀን አልሞላቸውም፣ አረንጓዴውን ይግጣሉ።

ሐጂን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «ሱብሓነላህ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሁለቱም ገንዳ ወደ እኔ ተመለሰ።

ዘህራ ይቅርታ አልጠየቀችም። እኔም አልጠበቅኩም።

በትንሽ ውሃ ውስጥ ያልተበላ ምግብ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰው ይገድላል። ሽሪምፕ የሚይዝ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ይህን ነው።