ጨረቃ የሚጠበቅበት ኮረብታ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሰማይ የሚያይ ማኅበር ያቋቋምኩት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ሌላ የሚለው ሰው ስለሌለ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሬዲዮ መጠገን ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁ እየገጠምኩ በራሴ ለመድኩት። ስለ ሬዲዮ የሚያስረዳ መጽሐፍ ልፈልግ ደሴ ሄጄ ስለ ከዋክብት የሚያወራ አሮጌ መጽሐፍ ይዤ ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው አልሆንኩም። ቴሌስኮፑንም የሠራሁት በእጄ ነው። አካሉ የቆርቆሮ አሸንዳ፣ የፊቱ መስታወት የአንድ ሽማግሌ መነጽር፣ ዓይን የሚጠጋበት ደግሞ የተሰበረ ካሜራ ሌንስ ነበር። የጨረቃን ጉድጓዶች ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከአባላቱ ሁሉ ምላሷ የሰላው የሒሳብ አስተማሪዋ ግን፣ «ጋሼ፣ ጉድጓዱን ያሳየን ቱቦው ነው ወይስ ወሬዎ?» ትለኝ ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው። ሰዓት እላፊ አለ፣ ጥርጣሬ አለ፤ አምስት ሰው ሆኖ ጨለማ ውስጥ መቆም ብቻውን ያስጠይቃል። አንድ የከተማው ኃላፊ አስጠራኝና፣ «ወይ በኃላፊነት የሚቀበላችሁ የገበሬ ማኅበር ፈልግ፣ ወይ ቱቦውን አስረክብ» አለኝ። የሰጠኝ ጊዜ አንድ ወር ነው። እጃቸው ከገባ መልሼ እንደማላየው አውቃለሁ።

መጀመሪያ የሞከርነው ሐይቁ ዳር ነው። ውሃው ከዋክብቱን መልሶ ስለሚያሳይ ሁሉም ወደዱት። እኔ ግን መስታወቱ ላብ ሲያወጣ አይቼ ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ እርጥበቱ የሚያሠራ አልነበረም። ቀጥሎ ከከተማ ወጣ ያለ ጉብታ አገኘን። እዚያ ደግሞ ወደ ሰሜን የሚተመው የጭነት መኪና መብራት ዓይናችንን አጠፋው።

«እስጢፋኖስ ገዳም ጋ ድቅድቅ ጨለማ ነው» አለ የጤና ጣቢያው ድሬሰር።

«እኔስ? በሩ ላይ ቆሜ ልጠብቃችሁ?» አለች አስተማሪዋ። ገዳሙ ሴት አያስገባም። ድሬሰሩ አፈረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ተራራ ለተራራ ሲዞር ወሩ ባለቀበት ነበር። እኔ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። በእኛ አገር ረመዳን ሲገባና ሲወጣ ጨረቃ የማይጠብቅ መንደር የለም። ለዚያም የታወቀ መቆሚያ አለ፤ ምዕራቡ የተከፈተ፣ ጭስ የማይጋርደው። እኔ የምፈልገውን ቦታ አባቶች መርጠው ጨርሰዋል ማለት ነው! በገበያ ቀን ውጫሌ ሄጄ ያገኘሁትን የአምባሰል ሰው ሁሉ «ጨረቃ የምትጠብቁት ከየት ነው?» እያልኩ ጠየቅሁ። ብዙው ሰው የጠቆመኝ አንድ ኮረብታ ነው። ወጥቼ አየሁት፤ ከተማ የለ፣ መንገድ የለ፣ ሰማዩ ዙሪያውን ክፍት።

የአካባቢው ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ኮስታራ ሰው ነበር። ቱቦውን ከፊትም ከኋላም መረመረው።

«ይሄ ነገር ይተኩሳል?»

«አይተኩስም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሩቁን ያቀርባል እንጂ።»

«መድፍ የሚያነጣጥሩትም ሩቁን እያቀረቡ ነው» አለና ትንሽ አሰበ። «ኮረብታውን ብቻዬን አልሰጥህም። ጨረቃ የሚያስጠብቁት ሼኹ ናቸው። በሃያ ዘጠነኛው ጾም ኑ። እሳቸው ከፈቀዱ እፈቅዳለሁ። እምቢ ካሉ ቱቦህን ታቅፈህ ትወርዳለህ።»

የተሰጠኝ ወር የሚያልቀውም በዚያው ሰሞን ነበር።

በቀኑ አምስታችንም ወጣን። መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጥቷል፤ ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶችም፣ «ነገ ዒድ ከሆነ እኛም እንወቀው» ብለው አብረው ቆመዋል። ሊቀመንበሩ ጠመንጃ የያዘ ሚሊሻ አጠገቤ አቁሞብኛል። ፀሐይ ፈጽማ እስክትጠልቅ ማንንም ወደ ቱቦው አላስጠጋሁም፤ ዓይን ያጠፋልና። ጠለቀች። ጾሙን በውሃ ፈቱ። ሁሉም ወደ ምዕራብ አፈጠጠ፤ ስስ ደመና ነበርና ማንም ምንም አላየም።

«እንግዲህ ሠላሳ ቀን እንሞላለን» አሉ ሼኹ። ሰዉ ተነፈሰ።

በዚህ መሀል እኔ በቱቦው አገኘኋት። ጮህኩ። ሊቀመንበሩ ገፍቶኝ ዓይኑን ደቀነ።

«አለች! ግን ምን ነካት? ቀንዷ ወደ ታች ነው! ማዶ ያለው ጥድም በአናቱ ቆሟል!»

ሌንሱ ምስሉን እንደሚገለብጥ ላስረዳ ብሞክር የሰዉ ሳቅ አላስወራ አለኝ። ሼኹም ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ዛፍ በአናቱ የሚያቆም ነገር እንዴት አድርጌ ምስክር ላድርገው? የሚመሰክረው ዓይን ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ አለቀልን» አለችኝ አስተማሪዋ በሹክሹክታ።

ለሌላ ሰው ያልቅ ነበር። እኔ ቱቦውን ሳላነቃንቅ በጀርባው ላይ አሻግሬ አየሁ፤ ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር ሰው። አቅጣጫው ተገለጠልኝ።

«ቱቦውን እርሱት! ማዶ ያለውን ጥድ እዩ። ከጫፉ በስተቀኝ፣ ሁለት ጣት ከፍ በሉ!»

ሁሉም እጁን ዘርግቶ ጣቱን ሰማዩ ላይ አስቀመጠ። ቀድሞ የጮኸው የእኔው ጠባቂ ሚሊሻ ነው። «አየኋት! ወላሂ አየኋት!»

«የታለች? የቱ ጋ?» ሊቀመንበሩ የሚሊሻውን ትከሻ ይዞ አንገቱን አሰገገ፤ ከዚያም ኮስታራነቱን ጥሎ፣ «አላሁ አክበር!» አለ።

ሼኹ ግን የዋዛ ሰው አልነበሩም። ሁለቱን ለየብቻ ወሰዷቸውና፣ «ቀንዷ ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሚሊሻው፣ «ወደ ላይ፣ እንደ ታንኳ» አለ። ሊቀመንበሩም፣ «ወደ ላይ» አለ።

«በቱቦው ወደ ታች ነበር ያልከው። አሁን ያየኸው በዓይንህ ነው» አሉና ወደ ሰዉ ዞሩ። «ነገ ዒድ ነው!»

እልልታው ቀለጠ። ልብ በሉ፤ ቱቦዬ ባይገለብጥ ኖሮ ሼኹ በምን ይለዩ ነበር? ይህንን ለአስተማሪዋ ብነግራት፣ «እሱንም አስበው ነው የሠሩት በሉኛ!» አለችኝ።

ሼኹ እጄን ያዙኝ። «አብሽር፣ ቦታው ሰማይ ለሚያይ ሁሉ ነው። የጨረቃ ቀን ግን ከቱቦህ በፊት ዓይናችን ይቅደም።»

ሊቀመንበሩም ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ኮስታራነቱ ተመለሰ። «ፈቅጃለሁ። ወረቀቱን ጠዋት እጽፍልሃለሁ። ሰዓት እላፊ ስለሆነ ግን እስኪነጋ ከዚህ ኮረብታ ንቅንቅ እንዳትሉ!»

ለሰማይ ተመልካች እንዲህ ያለ ቅጣት ከየት ይገኛል! ድሬሰሩ ብርድ ልብሱን ዘረጋ፤ ሚሊሻው ጠመንጃውን ድንጋይ አስደግፎ በቱቦው ለማየት ተራ ያዘ። መጀመሪያ ያየሁት፣ መሆን እንዳለበት፣ እኔ ነኝ።