የዋይፋይ ሳጥኑ ዛሬ መብራቱን ቀደመው

ዛሬ በከተማችን በመርሳ መብራት መጣ፤ ሳይሄድም የእኔ የዋይፋይ ሳጥን ተነሥቶ ሥራ ጀመረ።

ከጦርነቱ ወዲህ የሞባይል ኔትወርክ የለም፤ ያለን በስልክ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔት ብቻ ነው። መብራት ለሁለት ደቂቃ ያህል ብልጭ ይልና ይሄዳል፤ ሳጥኑ ደግሞ ሊኑክስ የሚባለውን የውስጥ ፕሮግራሙን አስነሥቶ እስኪጨርስ ያንኑ ያህል ይፈጅበት ነበር።

ውስጡን ብፈትሽ፣ በተነሣ ቁጥር ያልተሰካ ፕሪንተር ይፈልጋል፤ መልስ የማይሰጠውን ሰርቨር ሰዓት ይጠይቃል። ብቻውን የከረመ ሰው ጠባይ ስለሆነ አልፈረድኩበትም። ሁለቱንም አስተውኩት፤ አሁን ወዲያው ይነሣል።

ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ስልካቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ። ጅዳ ያለው ልጃቸው በሕይወት መኖራቸውን አያውቅም። በእኔ ዋይፋይ ደወሉለት።

«እማ?» አለ።

«አለሁ ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ። ከስተሃል እንዴ?» አሉት። ምስል አልነበረም።

መብራቱ ሄደ። እንባቸውን በሻሻቸው ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ለማን ልትደውል ነው?»

«ሳጥኑን ስሠራ ይህን አላሰብኩበትም» አልኳቸው።

ይህን ጽፌ መብራት እየጠበቅኩ ነው፤ ካነበባችሁት መጥቷል ማለት ነው። እናንተ ኔትወርክ ሲመለስላችሁ መጀመሪያ የደወላችሁት ለማን ነበር?