ቦሉምቡ የምትተኩሰው ሸሚዝ

እትዬ ቦሉምቡ ታላቅ እህቴ ነበረች። ሰፈራችን ባለው ማቶንጌ ገበያ በጭስ የደረቀ ዓሣ ትሸጥ ነበር። ባለፈው ወር ቀበርናት።

ባሏ ከሌላ ሴት ጋር ከከተማችን ወንዝ ማዶ ሲቀር፣ ለጎረቤት "ማዶ ሥራ አግኝቷል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ይመጣል" ትል ጀመር። እሑድ ጠዋት ትቶት የሄደውን ነጭ ሸሚዝ ደጅ አውጥታ፣ ሰው እያያት በከሰል ካውያ ትተኩሳለች። ሰውየው ከሄደ ወዲህ አንድም ቀን አለመምጣቱን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው።

እኔ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። በዚያን ጊዜ የሰፈሩ ዘፋኞች እኔ ዘንድ ይስተካከሉ ነበር። ንጎንዳ የሚባለው አንድ ቀን ወንበሬ ላይ እንደተቀመጠ፣

"ቦፔንዳ፣ የተከዳች ሴት ዘፈን ጀምሬ አልሞላ አለኝ። እውነት ከሌለበት ማን ያለቅስበታል?" አለኝ።

"እኔ እውነት ብሰጥህስ?"

"ዘፈኑ መሃል ጊታሩ ሲፈጥን ስምህን እጠራልሃለሁ።"

እኛ ሰፈር በሸክላ ላይ ስሙ የተጠራ ሰው መንገድ ይለቀቅለታል። ነገርኩት። የእህቴን ስም ለውጠው እንኳ አላልኩትም።

"ቦሉምቡ፣ የማንን ሸሚዝ ትተኩሻለሽ?" የሚለው ዘፈን ወጣ። አንድ ሳምንት ሙሉ የጸጉር ቤቴን በር ከፍቼ አጫወትኩት። ገበያ ላይ ደግሞ ሴቶቹ፣

"ቦሉምቡ፣ አንገትጌው ተስተካከለ?"

"ተያት እባክሽ፣ ሰውየው ሲመጣ እንዳይጨማደድበት ነው" ይባባላሉ።

በሳምንቱ እትዬ ዓሣ በወረቀት ጠቅልላ ጸጉር ቤቴ መጣች። ዘፈኑ እየተጫወተ ነበር።

"ስምህን አሳምሮ ጠራው" አለችኝ። ዓሣውን አስቀምጣ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ካውያ አልነካችም። ዓሣውን ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሑድ እሑድ ታመጣልኝ ነበር። እኔም እበላ ነበር። ስንት ጊዜ ልናገር ተነስቻለሁ።

"እትዬ..."

"ምነው?"

"ዓሣው ጨው በዝቶበታል።"

"ውሃ ጠጣበት።"

በለቅሶዋ ሦስተኛ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለለቅሶው በተጣለው ሸራ ሥር ተቀምጠን ሳለ በእኛ ልማድ ለቅሶ ላይ ዘፈን ይከፈታልና፣ አንዱ ያከበራት መስሎት ያንን ሸክላ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠ። ጊታሩ ፈጠነ፤ ስሜ ተጠራ። ስሙ የተጠራ ሰው ተነስቶ እጁን ማንሳት አለበት። ሰላሳ ዓመት ከጎኗ ዓሣ የሸጠችው ኢላንጋ ዞራ አየችኝ።

"ተጠራህ እኮ። አትነሳም?"

ተነሳሁ። እጄ ግን አልነሳ አለኝ።

"የሸሚዙን ነገር ለዘፋኙ የነገርኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"እናውቃለን" አለች ኢላንጋ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። "ስምህ አለበት እኮ። እሷም ታውቅ ነበር። እሑድ እሑድ ከአንተ ዘንድ ስትመለስ፣ 'ዛሬስ ይቅርታ ጠየቀሽ?' እንላታለን። 'ዛሬም ስለ ጨው ነው ያወራው' ትለናለች።"

ተቀመጥኩ። ሸክላውን ያነሳው የለም፤ እስከ መጨረሻው ሰማነው።