ፎቶው ከፍ ያለ ዕለት

እንደማወራው ጻፊው እንግዲህ። አታሳምሪው።

ያ ፓርላማ የገባው ልጅ የእኔን ጡት ጠብቶ ነው ያደገ። እናቱ እሱን ወልዳ ታማ ስትተኛ፣ አባትሽን በግራ እሱን በቀኝ ይዤ ነው ያጠባኋቸው። እዚሁ ጎንደር፣ እዚሁ ግቢ። አባትሽ ልብስ ሰፊ ሆነ። እሱ ተማረ፣ ተማረና ተቃዋሚ ሆነ። ምርጫው ጊዜ ሄጄ ጣቴን ቀለም አስነክሬ መረጥሁት። ማንበብ ስለማልችል ምልክቱን ቀድሞ አሳይቶኝ ነበር።

አባትሽ የጠፋው ከማክሰኝት ሲመለስ ነው። በገበያው ቀን የስፌት መኪናውን ይዞ እየሄደ እዚያው የተቀደደውን ሲሰፋ፣ ያጠረውን ሲያስረዝም ይውላል። ያን ቀን ሲመለስ ኬላው ላይ ሚኒባሱን አስቆሙት። አብረውት የነበሩት ሲነግሩኝ፣ «መታወቂያውን አዩና ና ውረድ አሉት። ወረደ» አሉኝ። የስፌት መኪናው ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ስለነበር እሱ ቤት ደረሰ። አባትሽ አልደረሰም።

ያልሄድሁበት በር የለም። አንዱ ጋ «እኛ ዘንድ የለም፣ እዚያ ሂጂ» ይሉኛል። እዚያ ስሄድ «ማን ላከሽ?» ይሉኛል። እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ክረምት አለፈ።

አንቺ ገና ልጅ ስለነበርሽ አልነገርሁሽም። አባትሽ ሲገባ ግቢው በር ላይ ቆም ብሎ ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር፣ ሴቶች ካለን መጣሁ ማለቱ ነው። ከጠፋም በኋላ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ ያ ጉሮሮ ይሰማኝ ነበር። እናትሽ አትሰማውም። እኔ እሰማዋለሁ። ወጥቼ ሳይ ማንም የለም። ቢሆንም የበሩን መቀርቀሪያ አልጥልም ነበር። መጣ፣ ሄደ፣ ነገም ይመጣል እያልሁ ነው የምተኛ።

ያ ፓርላማ የገባው ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ።

«እናቴ፣ ስብሰባው ላይ ምን ልጠይቅልሽ? ሰው ሁሉ ውሃ ጠይቅ፣ መብራት ጠይቅ እያለኝ ነው» አለኝ።

«የእኔን ታውቀዋለህ።»

«የሚሰጡን ጊዜ ትንሽ ነው። ሦስት ደቂቃ» አለ።

«ልጄ የት አለ ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። እኔ ተነሥቼ የአባትሽን ፎቶ ከግድግዳው አወረድሁ፣ ያችን ራሱ የሰፋውን ኮት ለብሶ የተነሣውን። «ይኸን ይዘህ ሂድ። ሌላ ሌላ ሲነሣ እንዳትረሳው» አልሁት። ይኼ የእኔ ጥፋት ነው። እሱም ይጻፍ።

የሚናገርበት ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ከማለዳው እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰበሰበ።

«እዩት! ክራቫት አርጎ!» አለች የወዲያኛዋ ጎረቤታችን።

«ማን አሰረለት? ሱሪውን እንኳ እኔ ነበርሁ የማስርለት» አልሁ።

«ኧረ ዝም በይ እትዬ፣ አሁን የተከበረ ነው። አፈ ጉባኤው የተከበሩ ሲለው አልሰማሽም?»

ሳቅን። ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ አሁን ድረስ ያስጨንቀኛል።

እዚያ እንደ ሽምግልና አይደለም። በሽምግልና አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው እዚያው ይመልሳል። እነሱ ግን ጥያቄውን ሁሉ ባንድ ላይ ያከማቹታል፣ መላሹ ባለሥልጣን ቁጭ ብሎ ይጽፋል፣ መጨረሻ ላይ ተነሥቶ ይመልሳል። አንዱ ስለ ማዳበሪያ ጠየቀ፣ አንዷ ስለ መንገድ፣ አንዱ ስለ ኑሮ ውድነት። ከዚያ የእኛው ተነሣ። ሰው ከመንገድ እየተወሰደ ነው፣ ፍርድ ቤት የማይቀርብ አለ አለና፣ «አንዲት እናት ይህን ሰጥታኛለች። ይህ ሰው የት ነው? በሕይወት ካለ ዳኛ ፊት ይቅረብ። ከሌለም ይነገራት» አለ። ፎቶውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ከፍ አረገው።

በኛ አገር የሰው ፎቶ እንዲያ ከፍ የሚል መቼ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ለቅሶ ላይ ነው። የሟቹ ፎቶ፣ የሟቹ ኮት፣ ጠመንጃ ካለው ጠመንጃው ከፍ ይላል፣ አልቃሽ እሱን እያየች ትገጥማለች። እኔ ግን ያን ጊዜ ይኼ አልመጣልኝም። ዓይኔ መላሹ ላይ ነበር። ፊደል አላውቅም፣ ብዕር ሲሄድና ሲቆም ግን አያለሁ። ለማዳበሪያው ሄዷል። ለመንገዱ ሄዷል። ለልጄ ጊዜ ብዕሩ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል።

ሊመልስ ተነሣ። ስለ ማዳበሪያው ብዙ ተናገረ። ስለ መንገዱ ቀልድ ጨመረ፣ አዳራሹ ሳቀለት። ስለ ኑሮ ውድነቱ ታገሡ አለ። አጨበጨቡለትና ተቀመጠ።

«ይኸው ነው?» አልሁ።

ዞር ብዬ ሳይ ጎረቤቶቼ አንድ ባንድ ወጥተው አልቀዋል። ያን ቀን ማታ እሳት ሊጭር እንኳ የመጣ ሰው የለም። አዝነውልኝ ነው ብዬ ተኛሁ።

ሲነጋጋ የእድር ጥሩንባ ተነፋ። ማን ሞቶ ይሆን አልሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለቅሶ ልደርስ ወጣሁ። ከቤቴ ወጥቼ የልጄን ለቅሶ ወዴት እንደሆነ የምጠይቅ እኔ ነኝ! ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ እኔ በኩል እየመጣ ነው። የእድሩን ዳኛ ፊት ለፊት አገኘሁት።

«ማን ሞተ፣ አያ?»

«እታለም፣ ግቢ እንግባ።»

«ለቅሶው ወዴት ነው?»

«ግቢ እንግባ ነው የምልሽ።»

ከኋላው ጎረምሶች የድንኳን እንጨት ተሸክመዋል። እኛ በር ላይ አወረዱት። ያኔ አጥሩን ያዝሁ።

«ማን ነገራችሁ?»

«ፎቶው ወጣ እኮ። አገር አየው። የኮላ ድባ ዘመዶችሽም በስልክ አይተው መንገድ ጀምረዋል። ማታ ተሰብስበን የመከርነው መርዶውን ብቻዋን አትስማ ብለን ነው።»

«ልጁ ጠየቀ እንጂ ሞተ አለ?»

«ከፍ አርጎ አሳየ። እነዚያም ዝም አሉ። የሚኖር ቢሆን አለ ይሉ አልነበር?»

ድንኳኑን አንሡ ልል አፌን ስከፍት እናትሽ ከቤት ወጣችና መሬት ላይ ወደቀች። ሁለት ክረምት ሙሉ እኔን ፈርታ አምቃው የኖረችው ለቅሶ ነው የወጣ። «እማማ፣ ይተዉኝ! እኔስ ላልቅስ!» አለችኝ። ምን ብዬ ልከልክላት?

እኔ ግን አልተቀመጥሁም። ቆሜ ነው የዋልሁ። «ተቀመጪ» ሲሉኝ «የተቀመጥሁ ለት ሞተ» እላቸዋለሁ። የኮላ ድባዎቹ ከመንገድ እየጮኹ ደረሱ፣ እነሱንም በደረቅ ዓይኔ ተቀበልኋቸው። ፎቶው አዲስ አበባ ስለሆነ የስፌት መኪናውን አውጥተው መሀል ላይ አስቀመጡት፣ ነጠላ አለበሱት። ኋላ አልቃሿ ስለ እጁ ገጠመች። ክሩን በምላሱ እያረጠበ መርፌ ዓይን ውስጥ እንዴት እንደሚያስገባ። ይህን ማን ነገራት? እንጃ። እንባዬ መጣ። አንድ ጊዜ ከመጣ በኋላ አልቆም አለኝ። ያኔ ተቀመጥሁ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጉሮሮው አልተሰማም። ፀሐይ ስትገባ በር ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ፀጥ። እኔ ባላለቅስ ኖሮ ይመጣ ነበር እላለሁ። ንስሐ አባቴ፣ «በጸሎት ስሙን ከሕያዋን ጋር ላንሣ ወይስ ከሙታን?» አሉኝ። «አባቴ፣ ትንሽ ይቆዩኝ» አልኋቸው። እስካሁን እየቆዩኝ ነው።

የፓርላማው ልጅ ደወለ። የሆነውን ሰምቶ አለቀሰ።

«እናቴ፣ እንዲያዩት ብዬ እኮ ነው። ለቅሶ መምሰሉን ከተቀመጥሁ በኋላ ነው ያሰብሁት።»

«የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ይልቅ እንደገና ጠይቅ።»

«መልሱ ያ ቢሆንስ?»

«ያም ቢሆን ከእነሱ አፍ ይውጣ። እኔ በጥሩንባ ነው የሰማሁት።»

ሰሞኑን እንደገና ተሰበሰቡ። አሁን ከእናትሽና ካንቺ በቀር ከእኔ ጋር ያየ የለም። የእኛው ልጅ ጥግ ላይ ነው፣ ፊቱን ከፊቱ የተቀመጡት ጋርደውታል። እጁን ብቻ አየሁት፣ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው እንደተነሣ። ሌላው እየተጠራ ይናገራል። አፈ ጉባኤው ወደዚያ ጥግ አላየም። «ሰዓታችን አልቋል» አለና ዘጋው። እጁ ግን ቴሌቪዥኑ ወደ ዘፈን እስኪዞር አልወረደም።

የዚያን ዕለት ፀሐይ ስትገባ ጉሮሮው ተሰማኝ። ግቢው በር ላይ፣ እንደ ድሮው። እናትሽ ጥቁሯን ለብሳ ምስር ትለቅም ነበር፣ ቀና አለች። እሷም ሰማችው። አንቺም ደብተርሽን ይዘሽ እዚያው ነበርሽ፣ ምነው ዝም አልሽ? ሦስታችንም በሩን አየን። ማን ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ተውሁት። ጠይቄ ዝም ብባልስ ብዬ ፈራሁ።

መቀርቀሪያውን ግን አልጣልሁም።