በእሜቴ መስታወት ላይ የሚሄዱት ነገሮች

ሰዓት ሠሪውን ሰፈሩ «ጋሽ ማነው» ይለዋል። በር ሲንኳኳ «ማነው?» ይላል፤ «እኔ ነኝ» ሲሉት «እኔ ማነው?» ይላል፤ ስም ሲነግሩት ደግሞ በመስኮት ብቅ ብሎ ስሙና ፊቱ መስማማታቸውን ያጣራል። ሚስቱ እንኳ ቁልፍ ረስታ ስትመለስ ከዚህ ምርመራ አታመልጥም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲል ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የሚተዳደረው በዚሁ ነው። የቆመ ሰዓት ሲመጣለት ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ በሰዓቱ ጥርሶች መሃል የተሸጎጠችውን ብናኝ አድኖ በወረንጦ ያወጣል። ዕድሜ ልኩን የተማረው ትምህርት ይኸው ነው፦ በሰዓት ሆድ ውስጥ ሠሪው ያላስገባው ነገር ሁሉ ጠላት ነው።

አንዲት ልጁ አግብታ ስትወጣ ቤቱ ጭር እንዳይልበት ብላ የጨው ውሃ አኳሪየም፣ የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ገንዳ፣ ገዛችለት። ውስጡ አንድ ቀንድ አውጣና አንዲት ዓሣ ብቻ ነበሩ። ዓሣዋ ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም፤ ሰማያዊና ብርቱካንማ ቀለም ለብሳ አሸዋው ላይ ዝግ ብላ ትንጎራደዳለች። «እሜቴ» አላት። ለደንበኛ የማይሰጠውን ፈገግታ ለእሷ ይሰጣት ጀመር። ይወዳታል፤ እሷን ሲያይ ልጁ ማዶ ክፍል ያለች ይመስለዋል። እሜቴ ብትሞትበት ልጁን ሁለተኛ ጊዜ የዳረ ያህል ነው የሚሰማው።

የልጁ ባል ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ሰዓት ሠሪው ዝምተኛ አይወድም፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል ባይ ነው። ይህ አማች ነው አንድ ቀን ቀዳዳው የበዛ የባሕር ድንጋይ በባልዲ ይዞ መጥቶ ገንዳው ውስጥ ያስቀመጠው። ለእሜቴ ለምን እንደሚጠቅማት ሲያስረዳ ሰዓት ሠሪው ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልሰማውም። የሰውየውን እጅ ነበር የሚጠብቀው።

ብዙም ሳይቆይ መስታወቱ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ታዩ። አቧራ መስሎት በጨርቅ ጠረጋቸው፤ አልለቀቁም። ጠጋ ሲል ነጥቦቹ ይሄዳሉ። ማጉያውን ሰካ። ከሰሊጥ ፍሬ በብዙ የሚያንሱ፣ ከፊት ወፈር ከኋላ ቀጠን ያሉ፣ አንዳንዴ ዘለል የሚሉ ፍጥረቶች ናቸው። ግንባራቸው መሃል አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። አንዳንዶቹ ከጅራታቸው ሥር ሞልቶ የተወጠረ ከረጢት አንጠልጥለዋል። ከሁሉም ያስደነገጠው ያ ከረጢት ነው።

«ደም ነው» አላት ለሚስቱ። «የእሜቴን ደም መጠው ነው።»

ሚስቱም በማጉያው አይታ ከረጢቱ ቀይ አይደለም ብትለው፣ የዓሣ ደም ተውጦ ሲቆይ ምን እንደሚመስል በምን አወቅሽ ብሎ አፏን አስያዛት። ደግሞ ማስረጃ አለው። እሜቴ ቀኑን ሙሉ ድንጋዩንና መስታወቱን በአፏ ትጠቃጥቃለች፤ ጠላቶቿን እየተከላከለች ነው ማለት ነው። እነዚህ ጉዶች ደግሞ ከአማቹ ድንጋይ በፊት አልነበሩም። ነገሩ ሁሉ ገጠመለት።

ድንጋዩን አውጥቶ ቀቀለው። ሚስቱ ድስቷን ስታይ የተናገረችውን እዚህ አልደግመውም። መስታወቱን ጠዋት ማታ ይፍቃል፣ አሸዋውን ያጥባል፣ የተረፈውን በመምጠጫ አንድ በአንድ ይለቅማል። ገንዳው ተፈትቶ እንደታጠበ ሰዓት ጸዳ። እሜቴ ግን ከሳች። ሆዷ ገባ፣ ጀርባዋ ሾለ። የሚበትንላት ደረቅ ምግብ እስኪመሽ ድረስ ያልቃል፤ ስለዚህ ትበላለች። እየበላ የሚከሳ ደግሞ የሚመጠጥ ነው። እንግዲያው ያላየኋቸው አሉ ይልና ይብስ ይፍቃል።

በእረፍት ቀን ልጁና ባሏ መጡ። ሰዓት ሠሪው እጁን ታጥቦ ወደ ሳሎን ሲመለስ፣ አማቹ ከጠርሙስ ደፍረስ ያለ ውሃ ገንዳው ውስጥ ሲያፈስ አገኘው።

«ምንድነው የምትጨምረው?»

«ምግቧን ነው፣ አባባ። እሷ ደረቅ ነገር አትበላም። የምትበላው እነዚያን መስታወቱ ላይ የነበሩትን ነው። ድንጋዩንም ያመጣሁት ለዚሁ ነበር።»

«ደረቁን ማን ጨረሰው ታዲያ?»

«ቀንድ አውጣው።»

መልሱ ፈጠነበት። ለሚጠየቀው ሁሉ መልስ ያለው ሰው አስቀድሞ አስቦበታል ማለት ነው።

«ልጄን ከቤቴ ስትወስድ ዝም አልኩ። እሷ የተወችልኝን ደግሞ ልትገድልብኝ መጣህ» አለው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አማቹ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጫማውን አደረገ። ልጁ ቦርሳዋን አነሳች፤ «እኔ ነኝ አምጣለት ያልኩት» አለች፣ አባቷን ሳታየው። ተከታትለው ወጡ። አባት ሆዬ ያን ጊዜ እንኳ ወደ በሩ አልሮጠም፤ የሮጠው ወደ ገንዳው ነው። ውሃውን በባልዲ እየቀዳ መታጠቢያ ቤት ደፋው፣ መስታወቱን ፋቀ፣ አዲስ የጨው ውሃ በጥብጦ ሞላ።

ከዚያ ወዲያ ልጁ አልደወለችም። እሜቴም አሸዋው ላይ ተኝታ መነሳት ከበዳት። ሰዓት ሠሪው ሥራ መግባት ትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሚስቱ ግን የአማቷን ጠርሙስ አልጣለችውም ነበር፤ ቂጡ ላይ ትንሽ ውሃ ቀርቶበታል። አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችው።

«ሰዓት ሆኖ ቢመጣልህ ሳትከፍተው ትፈርድበት ነበር?»

ከአሮጌ ሰዓት የወለቀ ክብ መስታወት ላይ የቀረችውን ጠብታ ሁሉ ገልብጦ ማጉያውን ሰካ። አንዲት ባለከረጢት እዚያ አለች። ምን ያህል እንዳቀረቀረ አያውቅም፤ ዓይኑ እያየ ከረጢቱ ተከፈተና ከእሷም የሚያንሱ፣ ብናኝ የሚያካክሉ ነገሮች እየተወራጩ ተበተኑ። ደም አይዋኝም። እናት ነበረች።

ጠብታዋን እሜቴ አፍንጫ ሥር ለቀቃት። ዓሣዋ ዓይኗን ወደ አንድ ጎን አዞረች፣ ከዚያ ሌላ ጎን፣ ከዚያ ጠቅ አደረገች። ደገመች። ጠብታዋ እስክታልቅ ለቀመች።

አፈረ። ስልኩን አንስቶ ራሱ አማቹ ጋ ደወለ። ያዘጋጀው የይቅርታ ቃል ጠፍቶበት፣ «እሜቴ በላች፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

«ልጄንም የእሜቴን ምግቦችም ይዘህ ና፣ ልጄ።»



«እንመጣለን፣ አባባ። ዛሬውኑ እንመጣለን» አለ አማቹ። «እነሱን ግን ከየት አመጣለሁ? ከጥቂት ጠብታ ተነስቼ ሳራባቸው ነው የከረምኩት። ያሉኝን ሁሉ ያን ቀን ነው ያመጣሁልዎት።»

ሰዓት ሠሪው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ዞረ። እሜቴ እንደ ምንም ተነስታ፣ መስታወቱን በአፏ እየነካካች ከጥግ እስከ ጥግ ትፈልጋለች። መስታወቱ ላይ ምንም አልነበረም።