የማርጋሬት መንደር መዝሙር

ባለፈው ሳምንት ሳኒቬል ከተማ፣ የጥርስ ሐኪም ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ ከድምፅ ማጉያው የፈረንጆች ገና መዝሙር ይሰማ ነበር። ግጥሙን አወቅሁት፤ ዜማው ግን እኔ የማውቀው አይደለም። አጠገቤ ለተቀመጠችው ልጄ ይህን ብነግራት እንደምትስቅብኝ ስለማውቅ ለራሴ ያዝኩት። የወሎ እስላም ስለ ገና መዝሙር ምን አገባት?

ነገሩ የሆነው የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ከኮምቦልቻ በዲቪ መጥቼ፣ ሳን ሊያንድሮ ውስጥ ማርጋሬት የሚባሉ እንግሊዛዊት አሮጊት እንከባከብ ነበር። እዚህ ዝናቡ የሚመጣው በታኅሣሥ ነው፤ ለኔ ክረምትና በጋ ቦታ የተለዋወጡ ይመስለኝ ነበር። ማታ ወደ ተከራየሁት ክፍል እገባለሁ፤ ምስር ቀቅዬ ቆሜ እበላለሁ፤ ለአንድ ሰው ማዕድ መዘርጋት ያሳፍረኝ ነበር። ስሜን አስተካክሎ የሚጠራኝ ሳይኖር ሳምንቱ ያልቃል። ማርጋሬትም ከኔ አይሻሉም። ቴክሳስ ያለው ልጃቸው እሑድ ኮል አደርጋለሁ ብሎ ሲረሳ፣ ስልኩን ከጭናቸው ሳያወርዱ ይመሻል።

ገና ሊደርስ ሲል፣ አንድ እሑድ በቀትር፣ ኦክላንድ ወዳለ አንድ ባር በመኪናቸው እንድወስዳቸው ጠየቁኝ። በተወለዱበት መንደር የገና መዝሙር የሚዘመረው መጠጥ ቤት ነው አሉኝ። ድሮ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች እነዚያን ዜማዎች ጩኸት ናቸው ብለው ሲተዉአቸው፣ ሕዝቡ ይዟቸው ወደ መጠጥ ቤት ገባ። ግጥሙ የሁሉም ነው፤ ዜማው ግን የመንደሩ ብቻ። ወደ ኦክላንድ የመጡት የመንደሩ ልጆችም በዚያ ባር የኋላ ክፍል በየዓመቱ ሲዘምሩ ኖረዋል።

እኔ ባር ገብቼ አላውቅም። አባቴም ሲሸኘኝ መጠጥ ካለበት ደጅ እንዳልቆም አደራ ብሎኛል። መኪና ውስጥ እጠብቅዎታለሁ ስላቸው አልተከራከሩኝም።

ዝናቡን እያየሁ፣ የላጥኩትን ብርቱካን ሳልጨርስ ተመልሰው መጡ። ከመንደሩ ልጆች የተገኙት አርተር የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

"ተቀባይ ከሌለው አይዘመርም" አሉኝ። "አርተር ያወጣል፤ እኔ ግን ብቻዬን አልቀበልም፣ ድምፄ አልቋል።"

የባሩ ባለቤትም ሰው ካልመጣ ክፍሉን ለኳስ ማሳያ እንደሚያደርገው በትሕትና ነግሯቸዋል። ወደ ቤት እንድመልሳቸው ጠየቁኝ። አላለቀሱም፤ ጓንታቸውን ብቻ ያጠልቁና ያወልቁ ነበር።

ሞተሩን አስነሳሁ። ያኔ አባቴ ትዝ አለኝ። መንዙማ ሲያዜም የምንቀበለው እኛ ልጆቹ ነበርን። ወንድሞቼ አንድ በአንድ አረብ አገር ሄዱ። እኔም ለጉዞ ስሰናዳ፣ አንድ ቀን ከጓዳ ሆኜ ብቻውን ሲያዜም ሰማሁት፤ ተቀባይ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ዝም ይላል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይቀጥላል።

ሞተሩን አጠፋሁት። "ተቀባዩ ምንድን ነው የሚለው?" አልኳቸው።

ክፍሉ ቢራና የረጠበ ካፖርት ይሸት ነበር። ባለቤቱ ሳልጠይቀው ሻይ አስቀመጠልኝ። አርተር የሚመላለሰውን ስንኝ ቀስ ብለው አስጠኑኝ። ድምፄ እንደ ወሎ ዜማ እየተርገበገበም ቢሆን ወጣ። አላረሙኝም። ማርጋሬት እጄን ያዙ። ትንሽ ቆይቶ ባንኮኒው ጋ የነበረ የወደብ ከባድ መኪና ሾፌር ብርጭቆውን አስቀምጦ ገባበት፤ እሱን አይተው ሌሎችም ተከተሉ። አገር ከለቀቅሁ ወዲህ ድምፄ ከሰው ድምፅ ጋር የተገናኘው ያን ቀን ነው።

ክፍሉ ለኳስ አልሆነም። ማርጋሬትን ግን በጸደይ ልጃቸው ወደ ቴክሳስ ወሰዳቸው። መሞታቸውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ለቅሶ የምደርስበት ቤት እንኳ አልነበረኝም። አርተርም ካለፉ ቆዩ።

እኔ ግን በየዓመቱ ከሳን ሆዜ እየነዳሁ እሄዳለሁ። የዛሬዎቹ ዘማሪዎች ወጣቶች ናቸው፤ ከድምፅ ቅጂ አጥንተው ከኛ አሳምረው ያዜሙታል። ዜማው በመትረፉ ደስ ይለኛል። ማርጋሬትን የሚያውቅ ግን በዚያ ክፍል ከኔ በቀር የለም፤ ደስታዬን ለማን እንደምነግር አላውቅም።

ባለፈው እሑድ አንዲት ወጣት ወረቀት ሳላይ ስዘምር ሰምታ፣ ከየትኛው መንደር እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ከኮምቦልቻ አልኳት። እንግሊዝ ውስጥ በየት በኩል ነው አለችኝ።

"ሩቅ ነው" አልኳት፤ መዝሙሩም ስለተጀመረ ሁለታችንም ተቀበልን።